የእንባ ጎዳና፦ በምዕራብ ካናዳ የጠፉት ሴቶችና ስለ መንገዱ የሚወራው

ታሪኩን በአንድም በሌላም መልኩ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሌሊት ነው፤ ዝናብ ይጥላል። ብቻውን የሚነዳ ሹፌር መንገድ ዳር የቆመች ወጣት ያይና አዝኖ ያሳፍራታል። ጥቂት እንደተጓዙ ዞር ቢል መቀመጫው ባዶ ነው። በማግስቱ ጠያይቆ ሲደርስበት ልጅቷ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ወሬ ያልተወራበት ረጅም መንገድ ጥቂት ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የሚገኘው አውራ ጎዳና 16ም የአስፈሪ ታሪክ ተራኪዎች እጅ ከገባ ቆይቷል። እርግማን አለበት ይባላል፤ መናፍስት ይመላለሱበታል ይባላል፤ ሴቶችን እየለቀመ የሚያጠፋ አንድ ስውር ገዳይ አለ ይባላል።

በዚህ መንገድ ዳር የጠፉት ልጆች ግን እናት፣ እህት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራቸው። አብዛኞቹ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው፤ የአብዛኞቹም ገዳይ እስከ ዛሬ አልተያዘም። ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሳሳኝ ስለ መንፈሱ በተወራ ቁጥር የሚረሳው ነገር ነው። ሴቶቹን ለአደጋ ያጋለጡት ሰው የሠራቸው፣ ሰውም ሊያስተካክላቸው ይችል የነበሩ ነገሮች ናቸው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ

አውራ ጎዳና 16 ከማኒቶባ ተነስቶ ሳስካችዋንንና አልበርታን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ኤድመንተን ያላችሁ ወገኖቻችን “የሎሄድ” እያላችሁ ሥራ የምትመላለሱበት መንገድ የዚሁ አካል ነው። የእንባ ጎዳና የሚባለው ክፍል ከፕሪንስ ጆርጅ ከተማ ተነስቶ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ እስካለችው ፕሪንስ ሩፐርት የሚደርሰው ሲሆን ርዝመቱ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቫንደርሁፍ፣ በርንስ ሌክ፣ ሂዩስተን፣ ስሚዘርስ፣ ቴራስ የተባሉ ትንንሽ ከተሞች ተራርቀው ይገኙበታል። በከተሞቹ መሀል ያለው ጫካ፣ ወንዝና ተራራ ነው።

በመንገዱ ግራና ቀኝ 23 የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች ይኖራሉ። ከካሪየር፣ ከዌትሱዌተን፣ ከጊትክሳን፣ ከሲምሺያንና ከሌሎችም ወገን ናቸው። ሆስፒታሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የተሻለ ሥራውና ገበያው ያለው ግን ከተማ ነው። የግል መኪና ለሌለው ሰው፣ በተለይ ለወጣት፣ ከመንደር ከተማ መድረሻው ለብዙ ዘመን አንድ ብቻ ነበር፤ መንገድ ዳር ወጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ ሊፍት መጠየቅ። እናቶችም አያቶችም እንዲሁ ነበር የሚሄዱት። ከውጭ ለሚያይ ሰው ድፍረት ይመስላል፤ እዚያ ላደገ ሰው ግን የዘወትር ኑሮ ነው።

ራሞና

ጁን 11 ቀን 1994፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የ16 ዓመቷ ራሞና ዊልሰን ስሚዘርስ ከሚገኘው ቤቷ ወጣች። የጊትክሳን ልጅ ናት። የትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ሰሞን ነበርና ከጓደኛዋ ጋር ተገናኝተው ወደ ጭፈራ ሊሄዱ ነበር። ራሞና ጓደኛዋ ዘንድ አልደረሰችም፤ ቤቷም አልተመለሰችም።

እናቷ ወ/ሮ ማቲልዳ ዊልሰንና ቤተሰቡ ፍለጋ ወጡ። በጋው አለፈ፤ መኸሩም፣ በረዶውም አለፈ። አስከሬኗ የተገኘው በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ፣ በስሚዘርስ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ባለ ጫካ ውስጥ ነው። አሥር ወር ሙሉ ልጃቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ የኖሩት እናት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማን እንደገደላት ሳያውቁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ።

ቤተሰቡ በየዓመቱ ጁን ላይ በዚያው ጎዳና የመታሰቢያ የእግር ጉዞ ያደርጋል። የራሞና ፎቶግራፍ ይያዛል፤ የሌሎቹም ሴቶች ቤተሰቦች የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እህቷ ብሬንዳ ዊልሰን በጎዳናው የተጎዱ ቤተሰቦችን በመርዳትና ወጣቶችን በማስተማር ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፋለች።

ራሞና ብቻዋን አይደለችም። ከእሷ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በጁን 1990፣ ታዳጊዋ ዴልፊን ኒካል ከስሚዘርስ ወደ ቤቷ ወደ ቴልክዋ ለመሄድ ሊፍት እየጠየቀች ሳለ ጠፋች። በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በታክሲ ሁለት ጉዞ እንኳ የማይሞላ መንገድ! ዴልፊን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ራሞና በጠፋችበት በዚያው በ1994 ሮክሳን ቲያራና አሊሺያ ጀርሜን የተባሉ፣ ሁለቱም የ15 ዓመት ልጆች፣ ተገድለው ተገኙ። በ1995 በቴራስ አካባቢ የ19 ዓመቷ ላና ዴሪክ ጠፋች፤ የደን ሳይንስ ተማሪ ነበረች።

“ሊፍት ስለጠየቁ ነው” የሚለው አነጋገር ሁሉንም አይገልጽም። በ1989 በፕሪንስ ሩፐርት የ24 ዓመቷ አልበርታ ዊሊያምስ የጠፋችው ከዘመዶቿና ከጓደኞቿ ጋር ካመሸች በኋላ ነው። በ1978 ከመሪት ከተማ አጠገብ የጠፋችው ሞኒካ ጃክ ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በብስክሌቷ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር።

ስሙና ዜናው

ጎዳናው የአሁኑን መጠሪያ ያገኘው በ1998 ነው። በቴራስ በተደረገ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ፍሎረንስ ናዚየል የተባሉ ሴት ቤተሰቦቹ ያፈሰሱትን እንባ አስበው “የእንባ ጎዳና” አሉት፤ ስሙም ጸና። ከአገሬው ውጭ ግን ገና ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር።

በጁን 2002 ኒኮል ሆር የተባለች የ25 ዓመት ወጣት ከፕሪንስ ጆርጅ ወደ ስሚዘርስ ሊፍት ስትጠይቅ ጠፋች። በችግኝ ተከላ ሥራ ላይ ነበረች፤ ነጭ ናት። ትልቅ ፍለጋ ተካሄደ፤ የአገሪቱ ቴሌቪዥንና ጋዜጦች በሙሉ ስለ እሷ አወሩ። እሷም አልተገኘችም። የነባር ሕዝቦቹ ቤተሰቦች የኒኮልን ቤተሰብ ሐዘን አላሳነሱም። የጠየቁት የእኛ ልጆች ሲጠፉ ይህ ሁሉ ካሜራና ይህ ሁሉ ፈላጊ የት ነበር ብለው ነው። በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ መልሱም ለማንም ስውር አልነበረም።

ስለ አንዱ ገዳይ የሚወራው

በመንገዱ ላይ ዊትሰት ከተባለው መንደር አጠገብ ትልቅ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ቆሟል። የጠፉ ልጆች ፎቶግራፍ አለበት። ልጃገረዶች በእንባ ጎዳና ላይ ሊፍት እንዳይጠይቁ ያሳስብና ገዳይ እንዳልተያዘ ይናገራል። ሰሌዳውን ያቆሙት ሰዎች ልጆቻቸውን ለማትረፍ ነው። ከሩቅ ሆነው ታሪኩን የሚተርኩት ግን ይህንኑ ይዘው አንድ ጭራቅ ፈጠሩ። ከባድ መኪና የሚነዳ፣ በየሌሊቱ የሚዞር፣ ለአርባ ዓመት ያልተያዘ፣ ፊቱን ማንም ያላየው ሰው።

የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ (አርሲኤምፒ) በ2005 “ኢ-ፓና” የተባለ ልዩ የምርመራ ቡድን አቋቋመ። በ2007 መዝገቡ ወደ 18 ሴቶች ከፍ አለ። 13ቱ የተገደሉ፣ 5ቱ የጠፉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ጉዳይ የ1969፣ የመጨረሻው የ2006 ነው። የ2006ቷ ኤላ ሳሪክ ኦገር ስትሆን የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። መዝገቡ በጠባብ መስፈርት ነው የተሠራው፤ ሴቷ የታየችው ወይም የተገኘችው ከአውራ ጎዳና 16፣ 97 ወይም 5 በአንድ ማይል ርቀት ውስጥ መሆን አለበት፤ ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎችም አሉ። ስለዚህ ብዙዎች ከመዝገቡ ውጭ ቀሩ። የነባር ሕዝቦቹ ድርጅቶችና ቤተሰቦች ቁጥሩ ከ40 ይበልጣል ይላሉ።

ምርመራው ያሳየው ጭራቅ ሳይሆን የተለያዩ ወንዶችን ነው። በ2012 ፖሊስ ኮሊን ማክሚለን የተባለች የ16 ዓመት ልጅ በ1974 የተገደለችበትን ጉዳይ በዲኤንኤ ፈታ። ገዳዩ ቦቢ ጃክ ፋውለር የተባለ አሜሪካዊ ነበር፤ እውነቱ ሲታወቅ በኦሪገን እስር ቤት ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። በ2019 ደግሞ ጋሪ ሃንድለን የተባለ ሰው የ12 ዓመቷን ሞኒካ ጃክን በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። ከግድያው እስከ ፍርዱ 40 ዓመት አልፏል።

ከኢ-ፓና መዝገብ ውጭ የሆነ፣ ግን በዚያው አካባቢ የተፈጸመ ሌላ ጉዳይ አለ። በኖቬምበር 2010 ምሽት አንድ ጀማሪ ፖሊስ በቫንደርሁፍ አቅራቢያ፣ ከጫካ ውስጥ ካለ የእንጨት ማመላለሻ መንገድ ፒክአፕ መኪና በፍጥነት ሲወጣ አየ። ያለ ፈቃድ አደን ያደነ መስሎት አስቆመው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ተጠርቶ የጎማውን ዱካ በበረዶው ላይ ተከትሎ ወደ ጫካው ሲገባ የ15 ዓመቷን የሎረን ሌስሊን አስከሬን አገኘ። ሹፌሩ ኮዲ ሌጀቦኮፍ የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ2014 አራት ሴቶችን በመግደል ተፈርዶበት ዕድሜ ልክ ታሰረ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ አልነበረም። እዚያው ያደገ፣ ሥራ የነበረው፣ ጓደኞች የነበሩት፣ ማንም ያልጠረጠረው የአገሬው ልጅ ነበር።

አንድ ስውር ገዳይ አለ ማለት ለሰሚው ይቀላል፤ እሱ ሲያዝ ሁሉም ያበቃል ማለት ነውና። ብዙ ተራ ወንዶች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ቦታ፣ እነዚህን ልጆች ቢጎዱ ማንም እንደማይጠይቃቸው ተማምነው ይህን አደረጉ ማለት ግን ስለ ጠቅላላው ማኅበረሰብ መናገር ይሆናል።

ያ መተማመን ከየት መጣ? የፕሪንስ ጆርጅ ዳኛ የነበረው ዴቪድ ራምዚ በ2004 በነባር ሕዝቦች ልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙን አምኖ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በራሱ ችሎት ፊት ቀርበው የነበሩ ናቸው፤ ትንሿ 12 ዓመቷ ነበር። በ2013 ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብት ተቋም ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰሜን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የነባር ሕዝቦች ሴቶች ፖሊሶች ራሳቸው ጥቃት ያደርሱብናል ብለው የሰጡትን ቃል ይፋ አደረገ። ዳኛው እንዲህ ከሆነ፣ ፖሊሱም የሚፈራ ከሆነ፣ የተደፈረች ልጅ ለማን ትናገራለች? ቤተሰቦች ደጋግመው እንደመሰከሩት፣ ልጄ ጠፋች ብለው ሲያመለክቱ የሚሰጣቸው መልስ ትመጣለች፣ ስትጨፍር ቆይታ ይሆናል የሚል ነበር። አንዲት ልጅ ከጠፋች በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ከሁሉም የከበሩ ናቸው።

አውቶቡሱ

በማርች 2006 በፕሪንስ ጆርጅ ቤተሰቦች፣ የነባር ሕዝቦች መሪዎች፣ ፖሊስና መንግሥት የተገኙበት ጉባኤ ተካሄደ። በጁን የወጣው ሪፖርት 33 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ከሁሉ በፊት የተቀመጠው በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞችና መንደሮች መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ እንዲጀመር የሚጠይቅ ነው። የሞቱትን የቀበሩ ሰዎች ተሰብስበው መጀመሪያ የጠየቁት አውቶቡስ ነው! ችግሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

አውቶቡሱ አልመጣም። በ2012 በቀድሞው ዳኛ ዋሊ ኦፓል የተመራው የጠፉ ሴቶች አጣሪ ኮሚሽን አስተማማኝ መጓጓዣ በአስቸኳይ እንዲዘጋጅ እንደገና አሳሰበ። አሁንም አልመጣም። ከዚያ የባሰ ነገር ተሰማ። የግዛቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ስለዚሁ ጎዳና ስላደረጋቸው ስብሰባዎች በመረጃ ነጻነት ሕግ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ኢሜይሎቹ እንዳይመለሱ ተደርገው ከኮምፒዩተር መጥፋታቸውን አንድ የቀድሞ ሠራተኛ አጋለጠ። የግዛቱ የመረጃ ኮሚሽነር ኤልሳቤት ዴናም በኦክቶበር 2015 ባወጡት ሪፖርት ድርጊቱን አረጋገጡ። አንድ የሚኒስትሩ ረዳት በመሐላ ሐሰት በመናገር ጥፋተኛ ሆኖ 2,500 ዶላር ተቀጣ። ያ ሁሉ የተደረገው የአንድ አውቶቡስ ወረቀት እንዳይታይ ነው።

በ2017፣ ጉባኤው ከጠየቀ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በከተሞቹ መካከል የሚመላለሱ አውቶቡሶች ሥራ ጀመሩ፤ ክፍያው 5 ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ2018 ግሬይሃውንድ የተባለው ትልቁ የአውቶቡስ ኩባንያ ከአካባቢው ጠቅልሎ ወጣ። ግዛቱ የተካው አገልግሎት ሲጀመር ከፕሪንስ ጆርጅ ፕሪንስ ሩፐርት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመላለስ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ሐኪም ቀጠሮ የሰጣት ሴት ምን ታድርግ?

ስልኩም እንደዚሁ ነው። የመንገዱ ረጅም ክፍል ለዓመታት ኔትዎርክ አልነበረውም። አስፈሪ ታሪኮቹ ስልክ ድንገት ሲጠፋ እንደ ምትሃት ያወሩታል፤ ምክንያቱ ግን የማሰራጫ ማማ አለመኖሩ ነው። በ2021 መንግሥት 12 ማማዎች ተተክለው 252 ኪሎ ሜትር ኔትዎርክ የሌለው መንገድ እንዲሸፈን ገንዘብ መደበ።

የራሳቸው ታሪክ

በዚሁ ጎዳና፣ ፍሬዘር ሌክ አጠገብ፣ ሌጃክ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከ1922 እስከ 1976 ሠርቷል። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ቋንቋቸውንና ባህላቸውን እንዲተዉ ይደረጉባቸው ከነበሩት የካናዳ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በ1937 የአዲስ ዓመት ዕለት አራት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ከዚያ አምልጠው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በበረዶ በረጋው ሐይቅ ላይ በብርድ ሞተው ተገኙ። ከቤት መነጠል፣ በሰው አገር መንገድ መቅረት፣ ፈላጊ ዘግይቶ መድረስ፤ በዚያ መንገድ ይህ ሁሉ ከራሞና ሃምሳ ሰባት ዓመት በፊት ነበረ።

በዚያው ሌጃክ የተማረችና ሕይወቷን ያሳለፈች ሮዝ ፕሪንስ የተባለች የካሪየር ሴት በ1949 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ መቃብሮች ሲዛወሩ አስከሬኗ ሳይፈርስ ተገኘ ይባላል። ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ ምእመናን ወደ መቃብሯ ይሳለማሉ፤ ከአፈሩም በረከት ብለው ይወስዳሉ። ይህን ያነሳሁት የአገሬው ሰዎች በዚህ መንገድ ስለሞቱት ሲያወሩ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው። የሞቱትን በስማቸው ይጠራሉ፣ ወደ መቃብራቸው ይሄዳሉ፣ ከእነሱም አይሸሹም። በሴፕቴምበር 2020 በቴራስ አቅራቢያ በኪትሰምኬለም ለጠፉትና ለተገደሉት ሴቶች መታሰቢያ የቶተም ምሰሶ (ምስል የተቀረጸበት ረጅም የእንጨት ምሰሶ) ቆሟል፤ የቀረጸው ከኒስጋ ነባር ሕዝብ ወገን የሆነው ባለሙያ ማይክ ዳንጌሊ ነው። ሥራው እንዲሠራ ከገፋፉት አንዷ ግላዲስ ራዴክ ናቸው። የእህት ወይም የወንድም ልጃቸው ታማራ ቺፕማን በ2005 ከፕሪንስ ሩፐርት ወጥታ የጠፋች የ22 ዓመት እናት ነበረች።

ጉዳዩ አሁን ያለበት

ፖሊስ በ2014 ባወጣው ዘገባ ከ1980 እስከ 2012 በመላ ካናዳ 1,181 የነባር ሕዝቦች ሴቶች ተገድለው ወይም ጠፍተው መመዝገባቸውን ገለጸ፤ 1,017ቱ የተገደሉ ናቸው። ከአገሪቱ ሴቶች 4 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ከተገደሉት ሴቶች ግን 16 በመቶ ያህሉን ይይዙ ነበር። የጠፉና የተገደሉ የነባር ሕዝቦች ሴቶችን ጉዳይ የሚመረምረው ብሔራዊ አጣሪ አካል በሴፕቴምበር 2017 በስሚዘርስ ችሎት ከፍቶ ቤተሰቦችን ሰማ። በጁን 2019 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የደረሰባቸውን የዘር ማጥፋት ብሎ ጠራው፤ 231 የፍትሕ ጥያቄዎችንም አቀረበ።

ኢ-ፓና በደራበት ጊዜ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ በጥቂት መርማሪዎች ቀርቷል። ከ18ቱ መዝገቦች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፤ የራሞናም እንደዚሁ። በ1994 ሠላሳ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ስልሳዎቹን ይዟል። ያ ሰው ሚስት፣ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ ይኖረው ይሆናል። በዚያ ቅዳሜ ማታ ልብሱ ጭቃ ሆኖ ሲገባ ያየ፣ መኪናውን ያለወትሮው ሲያጥብ የታዘበ፣ ወይም ሰክሮ የተናገረውን የሰማ ሰው አይጠፋም። ዘመናት ያለፏቸው ግድያዎች የሚፈቱት ብዙ ጊዜ በዲኤንኤ ወይም በእንዲህ ያለ ምስክር ነው። የራሞና ቤተሰብ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቀው እሱን ነው።